ልጆች በከተማ አትክልት ሲያለሙ፦ ውሃውና አፈሩ ከየት ነው?

በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በጓሮ ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ መትከል ለከተማ ልጆች ጥሩ ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ሆኖም ከዘሩ በፊት መታየት ያለበት ውሃው ነው።

አዲስ አበባን የሚያቋርጡት ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። በዚህ ውሃ የለማ ቅጠል ጀርምና የጥገኛ ትላትል እንቁላል ሊይዝ ይችላል፤ ይህ በማጠብ ይቀንሳል፣ በደንብ ሲበስል ይሞታል። እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ግን ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገቡ ማጠብም መቀቀልም አያስወግዳቸውም። በተለይ እርሳስ በማደግ ላይ ያለን አንጎል ይጎዳል፤ ምልክቱም ቶሎ አይታይም። ስለዚህ ልጆችን አካባቢ መንከባከብ ስናስተምር ችግኝ ማጠጣት ብቻ ሳይሆን ወንዙ ውስጥ ምን እንደሚደፋም ልናሳያቸው ይገባል ባይ ነኝ።

የቧንቧ ውሃ ይጠቀሙ። ቦታው ቀድሞ ጋራዥ ወይም ቆሻሻ መጣያ ከነበረ ከሌላ ቦታ ያመጡትን ንጹህ አፈር በጆንያ ሞልተው ይትከሉ። ለማዳበሪያ የአትክልት ልጣጭ ይበቃል፤ የሰው ዓይነ ምድር ፈጽሞ አይጨምሩ፣ የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላልና። መንጠቆ ትል በባዶ እግር በኩል ስለሚገባ ልጆቹ ጫማ ያድርጉ። ሚስማር ወይም እሾህ የወጋው ልጅ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ የቴታነስ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ።