መጽሔት ውጭ ሲታተም አራሚው ማን ነው?

ባለፈው ዓመት ወልቂጤና ቡታጅራ ካሉ ጓደኞቼ ጋር መጽሔት ልንጀምር ተነሳን። አብዛኛው ጽሑፍ በአማርኛ፣ ጥቂት ገጾች ደግሞ በቸሃና በመስቃን። ሶፍትዌር ስለምሠራ የገጹ ቅንብር እኔ ላይ ወደቀ። ውጭ አገር ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ዋጋ ላከልን። ወረቀቱ ያምራል፣ ብዙ ካዘዝን ደግሞ የአንዱ ቅጂ ዋጋ ከአገር ውስጡ ያንሳል። ናሙናው ሲመጣ ግን የቸሃ ልዩ ፊደሎች ባሉበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ተቀምጧል። የላከልን ሰው ስለ ቀለሙ ጥራት ነበር የሚጠይቀን። ሳጥኖቹን ልብ አላላቸውም። እንዴትስ ይበል? ለእሱ ፊደሉም ሳጥኑም ያው ሥዕል ነው።

እኔ የኮምፒውተር ዘመን ችግር መስሎኝ ነበር። ለካስ ነገሩ ከ500 ዓመት በፊት የጀመረ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በ1513 ሮም ውስጥ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት። ያሳተመው ዮሃንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ሲሆን ቋንቋውን የተማረው እዚያው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። መጽሐፉ ግሩም ሥራ ነው። ፖትከን ግን ግዕዝን "ከለዳውያን" ቋንቋ ብሎ ነበር ለአውሮፓ ያስተዋወቀው። ማተሚያውም ውሳኔውም በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ስምህም ሊቀየር ይችላል ማለት ነው።

በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በዚህኛው ጊዜ አዘጋጆቹ የቋንቋው ባለቤቶች ነበሩ። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አንችልም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ነው የሠራነው። ይህን ሳነብ የደረሰን ናሙና ፊቴ ድቅን አለ።

ታዲያ አባ ተስፋ ጽዮን ተሳሳቱ? በፍጹም። በጊዜው አገራቸው ውስጥ ማተሚያ አልነበረም። ምርጫው ስህተት ያለበት መጽሐፍ ወይም ምንም ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እንኳ የተቋቋመው በ1921 ነው።

ማተሚያ ከመጣ በኋላም ውጭ ማሳተም አልቀረም። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1956 አዲስ አበባ መጥታ የጀመረችው "ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር" መጽሔት የሚዘጋጀው እዚህ፣ የሚታተመው እንግሊዝ ነበር። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ ፊደል ለቃሚው የሚሠራውን ማንበብ ይችላል። በዚያ ላይ መጽሔቱ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ አንባቢም ይፈልግ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ውጭ ማሳተም ያዋጣል።

ወደ ጉራጌ ስንመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም አሜሪካ ተማሪ ሳለ ስለ ጉራጌ ገጠር ሕይወት በቸሃ ልብ ወለድ ጻፈ። በ1964 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ያወጣው ግን የቮልፍ ሌስላውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ "ሺኔጋስ ቪሌጅ" በሚል ርዕስ። ሌስላው ራሱ በ1979 የጉራጌ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት በሦስት ቅጽ ጀርመን አገር ቪስባደን አሳተመ። ለሁለቱም ባለውለታ ነን። እነሱ ባይኖሩ ስንት ቃል በጠፋ! ግን መዝገበ ቃላቱ ጉራጊኛውን የሚጽፈው በላቲን የድምፅ ምልክት ነው። በቸሃ ያሳደገችኝ አያቴ ፊደል ቆጥራለች፤ ያንን ገጽ ብትገልጠው ግን ከገዛ አፏ የወጣውን ቃል አታውቀውም።

የባዶ ሳጥኑም ምስጢር እዚሁ ጋ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደሎች ተጨመሩ፣ በ2021 ደግሞ ሌሎች የጉራጌ ፊደሎች ተከተሉ። ማተሚያ ቤቱ የጫነው ፎንት አዲሶቹን አያውቃቸውም። ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አካትተን ስንልክ ሳጥኖቹ ጠፉ። ግን ሳጥን መኖሩን ማየት የቻለው የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

"በቃ፣ እዚሁ እናትም" ማለት ይቀላል። እኔም ብያለሁ። ጓደኛዬ ግን "የአገር ውስጡስ ወረቀት ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?" አለኝ። እውነቱን ነው። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ የማሽኑ መለዋወጫም በዶላር ነው የሚገባው። በ2024 ክረምት የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ የአገር ውስጥ ኅትመትም አልተረፈም።

ልዩነቱ ሌላ ነው። ውጭ ስናሳትም ዋጋው የሚረክሰው ብዙ ሺህ ስናዝ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ሺህ ገዢ የለንም። ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከጉምሩክ እስኪወጣ የወሩ ወሬ ያረጃል። ስህተት ቢገኝም እዚያ ሄዶ ማሽን የሚያስቆም የለም። በቀለም ሥዕል የተሞላ፣ ጊዜ የማያሳልፍበት የዓመት ጥራዝ ቢሆን ኖሮ ውጭ ለማሳተም አላመነታም ነበር።

የመጀመሪያውን እትም አዲስ አበባ ለማሳተም ወሰንን። የአንዱ ቅጂ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ወረቀቱም እንደዚያኛው አያምርም። ግን ከወልቂጤም ከቡታጅራም ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት በፊት ማተሚያ ቤቱ ይደርሳል። ከእኛ መካከል ቸሃ የሚያነብ አንድ፣ መስቃን የሚያነብ አንድ ማሽኑ ሥር ይቆማሉ፤ የመጀመሪያዋ ገጽ ስትወጣ ተቀብለው ጮክ ብለው ያነቧታል። አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ውስጥ ያጡት ይህን ነበር።