በማኅተም ሥር ያለፈ ግድፈት

ገንዘብ የመንግሥት ቃል ነው። በላዩ የሚቀረጸው የንጉሥ መልክ፣ የዘመኑ ቍጥርና የዋጋው ልክ፣ ያን ቍራጭ ማዕድን የሚቀበል ሰው ሳይመዝንና በእሳት ሳይፈትን አምኖ እንዲቀበለው የሚሰጠው ዋስትና ስለ ሆነ፣ ገንዘብ የሚመታበት ቤት ከጥንት ጀምሮ እንደ ግምጃ ቤት በብዙ ዘበኛና በብዙ ተቈጣጣሪ ሲጠበቅ ኖሯል። እንግሊዞች፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1282 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከተመታው ገንዘብ ናሙና እየተወሰደ ክብደቱና ጥራቱ በዳኞች ፊት የሚመረመርበት ሥርዐት አላቸው። አሜሪካኖችም በ1792 የገንዘብ መምቻ ቤታቸውን በሕግ ሲያቋቍሙ፣ ወርቁን ወይም ብሩን አውቆ ያጐደለ ሹም በሞት እንዲቀጣ ደንግገው ነበር። ይህን ያህል ሕግና ይህን ያህል ጥበቃ ባለበት ደጃፍ፣ ተሳስቶ የተመታ ሳንቲም በዘበኞቹ መካከል አልፎ ወደ ገበያ መውጣቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያ የተሳሳተው ሳንቲም፣ ነውር ከሌለባቸው ወንድሞቹ ሁሉ ተለይቶ በብዙ ሺህ እጥፍ ዋጋ መፈለጉ የበለጠ ያስደንቃል።

ለዚህ ተፈላጊነት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ጥቂትነቱ ነው። እውነት ነው፣ ጥቂት የሆነ ነገር ይወደዳል፤ ነገር ግን ጥቂትነት ብቻውን ሰውን ዕድሜውን ሙሉ በአጕሊ መነጽር ላይ አጐንብሶ እንዲቀመጥ አያደርገውም። እኔ እንደማምነው፣ ደኅና ሆኖ የተመታ ሳንቲም መንግሥቱ ሊናገር የወደደውን ብቻ ሲነግረን፣ የተሳሳተው ግን በዚያች ቀን በመምቻው ቤት ውስጥ በእርግጥ የተደረገውን ይነግረናል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት፣ በሁለት መጻሕፍት ውስጥ አንድ ዐይነት ግድፈት ሲያገኙ ሁለቱ ከአንድ እናት መጽሐፍ የተቀዱ መሆናቸውን እንደሚረዱ፣ ሳንቲም የሚመረምርም ሰው በግድፈቱ ማኅተሙን፣ በማኅተሙም የሠራተኛውን እጅ ወደ ማወቅ ይደርሳል።

የመምታቱ ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ገና ምንም ያልተቀረጸበት ልሙጥ ክብ ማዕድን፣ የፊትና የጀርባ መልክ በተቀረጸባቸው በሁለት ጠንካራ ማኅተሞች መካከል ይገባና፣ ዙሪያውን በቀለበት ተይዞ በታላቅ ኀይል ይመታል። ልሙጡ ወደ አንድ ወገን ሸርተት ብሎ ከሆነ ከመልኩ ግማሹ ይቀራል፤ ቀድሞ የተመታው ሳንቲም ከማኅተሙ ጋር ተጣብቆ ቢቀር፣ የሚከተለው ልሙጥ የወንድሙን መልክ እንደ መስታወት ገልብጦ ይቀበላል፤ ሁለት የማይገናኙ ማኅተሞች በስሕተት ሲጣመሩም ከየትኛውም ሕግ ያልወጣ ገንዘብ ይወለዳል። በ2008 በብሪታንያ የ20 ፔንስ መልክ በተለወጠ ጊዜ የሆነው ይኸው የመጨረሻው ነው፤ በአዲሱ ሥርዐት የዘመኑ ቍጥር ከጀርባ ወደ ፊት ተዛውሮ ሳለ፣ አዲሱ ጀርባ ከአሮጌው ፊት ጋር ስለ ተጣመረ፣ ዘመን የሌለው ሳንቲም በብዙ ሺህ ተመትቶ ወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው፣ ስሕተቱ ከልሙጡ ሳይሆን ከራሱ ከማኅተሙ ሲመነጭ ነው። ማኅተም የሚሠራው ዋናው ቅርጽ በለስላሳ ብረት ላይ በኀይል ሲጫን ነው፤ በቀድሞው አሠራር ቅርጹ በአንድ ጊዜ ጠልቆ ስለማይገባም፣ ብረቱ በእሳት ለዝቦ እንደ ገና ይጫን ነበር። በ1955 በአሜሪካኖች የፊላደልፊያ መምቻ ቤት ለአንድ ሳንቲም በተዘጋጀ አንድ ማኅተም ላይ፣ በሁለተኛው ጭነት ጊዜ ብረቱ በጥቂት ዞሮ ስለ ነበር፣ የዘመኑ ቍጥርና በዙሪያው ያለው ጽሑፍ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቀረጸ፤ የሊንከን መልክ ግን ለመካከሉ ቅርብ ስለ ሆነ መናወጡ ብዙ አልታወቀበትም። ነገሩ በሌሊት ሥራ ላይ በተገኘ ጊዜ ከሃያ ሺህ የሚበልጠው ከሌሎች መኪናዎች ከወጣው ደኅና ሳንቲም ጋር ተደባልቆ ነበር። ለጥቂቱ ብሎ ሁሉን ማቅለጥ ኪሳራ መሆኑን ያሰቡት ሹሞችም የተደባለቀው እንዳለ እንዲወጣ ፈቀዱ። እነዚያ ሳንቲሞች ብዙዎቹ በሰው እጅ የገቡበት መንገድ ደግሞ ማንም ሊቅ አስቦ የማይደርስበት ነው፤ በዚያን ጊዜ የሲጃራ መሸጫው መኪና የሚቀበለው 25 ሳንቲም ብቻ፣ የሲጃራው ዋጋ ግን 23 ሳንቲም ስለ ነበረ፣ መልሱ ሁለት ሳንቲም በፓኮው ልባስ ውስጥ አብሮ ይታሸግ ነበርና፣ በኒውዮርክ አውራጃና በቦስተን አካባቢ የነበሩ አጫሾች ዛሬ ከሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣውን ሳንቲም ከሲጃራ ጋር ይገዙ ነበር። ስንቶቹ ሳይመለከቱት መልሰው እንደ ሰጡት እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚያ በፊት በ1943፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ መዳብ ለጥይትና ለመገናኛ ሽቦ ስለ ተፈለገ አሜሪካኖች የአንድ ሳንቲማቸውን ልሙጥ ዚንክ ከተቀባ ብረት ሠሩት፤ በሦስቱ መምቻ ቤቶቻቸው፣ በፊላደልፊያ፣ በዴንቨርና በሳንፍራንሲስኮ፣ በዚያ ዓመት ከ1 ቢሊዮን በላይ ተመታ። ነገር ግን ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት የነሐስ ልሙጦች በማጓጓዣ ሣጥኖቹ ስንጥቅ ውስጥ ተሸጕጠው ቀርተው እንደ ነበር ይታመናል፤ እነዚያም ከብረቱ ጋር ወደ መኪናው ገብተው፣ ሊኖሩ የማይገባቸው የ1943 ነሐስ ሳንቲሞች ሆነው ወጡ። እስከ ዛሬ የታወቁት በሦስቱ ቤቶች ተደምረው ከሁለት ደርዘን ብዙ አይበልጡም። በማሳቹሴትስ የሚኖር አንድ ወጣት በ1947 ከትምህርት ቤት ምግብ ቤት በተመለሰለት ዝርዝር ውስጥ አንዱን አግኝቶ የመንግሥቱን መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ፣ በዚያ ዓመት የተመታው ሁሉ ብረት ነው የሚል መልስ ተሰጠው፤ እርሱ ግን ሳንቲሙን አልጣለውም፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠበቀው፤ በ2019 በጨረታ ሲሸጥም ከ200,000 ዶላር በላይ አወጣ። ከዴንቨር የወጣውና እስካሁን ብቻውን የሆነው ደግሞ በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኔን ከዋጋው ይልቅ የሚማርከኝ የወጣቱ ጽናት ነው፤ መንግሥት የለም ያለውን ነገር በእጁ ይዞ፣ መዝገቡን ሳይሆን ዐይኑን አመነ።

ይኸው የፊላደልፊያ ቤት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ አገራችን ከወረራው ነፃ ወጥታ የራሷን ገንዘብ ባዘጋጀች ጊዜ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መልክ የያዙት ሳንቲሞች የተመቱት በዚያው ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ የቀረጸውም የቤቱ ዋና ቀራጭ ጆን ሲኖክ ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙኒው መጀመሪያ ክብ ሆኖ ተመትቶ ነበር፤ ነገር ግን በመጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለ ተቀራረበ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሞ እንደ ገና ወጣ። አባቶቻችን በእጃቸው ዳስሰው በጨለማ የሚለዩት ስሙኒ ይህ የተከረከመው ነው። ክቡ ግን ዛሬ በብርቱ ይፈለጋል። እርግጥ፣ ይህ የመኪና ወይም የሠራተኛ ስሕተት አይደለም፤ መጠኑን የወሰኑት ሰዎች ያልገመቱት ጕድለት ነው፤ ስለዚህ በጥብቅ ሲነገር ከግድፈቶች ተራ አይቈጠርም። እኔ ግን ከእነርሱ አጠገብ ቦታ ይገባዋል እላለሁ፤ ገበያው መንግሥትን ያረመበት ምስክር ነውና።

እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳያውቁ በየገበያው «የተሳሳተ ገንዘብ» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ፣ ስለ ሁለት ነገሮች መናገር ያስፈልጋል። ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላ ጠገራ ብሯ በቪየና፣ በሮማ፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ያንኑ 1780 እንደ ያዘ ሲመታ መኖሩ ስሕተት አይደለም፤ የእኛ ነጋዴዎች በራስ ጌጧ ላይ ያለውን ዕንቍ ሳይቀር ቈጥረው ካላዩ የማይቀበሉ ስለ ነበሩ፣ ዘመኑን መለወጥ ገንዘቡን ማስጠላት ነበርና። የዳግማዊ ምኒልክ ግርሽም በእኛ አቈጣጠር 1895ን እንደ ያዘ ለብዙ ዓመታት ተመትቷል። እንደዚሁም በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው በአንደኛው ማኅተም ግራ፣ በሌላው ቀኝ እግሩን አንሥቶ መታየቱ፣ ሁለት ማኅተሞች መኖራቸውን እንጂ የማንንም መሳሳት አያመለክትም።

እውነተኛውን ግድፈት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ሁሉ ወደ ኋላ፣ ወደ አክሱም ይመለስ። ከሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ፣ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ሲመቱ፣ ወርቁ ከባሕር ማዶ ነጋዴ ጋር ለሚደረገው ንግድ ስለ ነበረ ጽሑፉ በጽርእ፣ ማለት በግሪክ፣ ቋንቋ ይቀረጽ ነበር። በኢንዱቢስና በኢዛና ዘመን ፊደሉ የታረመ ነው፤ ወደ ኋለኞቹ ነገሥታት እየወረድን በሄድን ቍጥር ግን ፊደሎቹ ይጐድላሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ በመጨረሻም ከቃል ይልቅ ለጌጥ የተደረደሩ ይመስላሉ። ቀራጩ የሚያነበውን ቋንቋ ሳይሆን የሚያየውን መስመር ይቀዳ ነበር። በዚያው ዘመን በብሩና በመዳቡ ላይ ግእዝ ቦታውን እያሰፋ መጣ። እንግዲህ ጽርእ በአክሱም ከተማ ምን ያህል እንደ ተዳከመ የሚነግረን ዜና መዋዕል በሌለበት፣ በአንድ አንጥረኛ እጅ የተሰበረ ፊደል ታሪኩን ይነግረናል፤ ጽሑፉ የታረመ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ባላወቅን ነበር።

ለጀማሪው ሰብሳቢ የሚጠቅም ጥቂት ምክር ልጨምር። ከመምቻው ቤት ከወጣ በኋላ በመኪና የተረገጠ፣ በአሲድ የተበላ ወይም በመቀስ የተቈረጠ ሳንቲም የተበላሸ እንጂ የተሳሳተ አይደለም። በአንድ ወገን እንደ ተነከሰ ሆኖ የሚታየው ሳንቲም እውነተኛ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ወገን ያለው ጠርዝም ደክሞ ይታያል፤ ጐዶሎው ልሙጥ ከመመታቱ በፊት ጠርዙ ሲጨመቅ ኀይሉ በዚያ በኩል ደርዙን ለማንሣት አይበቃምና፤ ቈራጩ ግን ይህን ሊያስመስለው አይችልም። የ1943 ነሐስ ነው ተብሎ የቀረበልህ ሳንቲም ማግኔት ከሳበው፣ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። በፊደሉ አጠገብ ጠፍጣፋ ጥላ የመሰለ መንታ ብታይም አትቸኵል፤ ያ መኪናው በሚመታበት ጊዜ ሲናወጥ የሚፈጠር ተራ ነገር ነው፤ የእውነተኛው መንታ ሁለቱም ፊደሎች ክብና ሙሉ ሆነው ይነበባሉ።

በአገራችን ግን ከአስመሳዩ ይልቅ የሚያሰጋኝ እሳቱና አመዱ ነው። ጠገራው፣ የምኒልክ ብርና ግርሹ ለመስቀል፣ ለቀለበትና ለአምባር ሲባል በአንጥረኛ እሳት ስንቱ እንደ ቀለጠ የሚያውቅ የለም፤ ከቀለጡትም መካከል ማንም ያላያቸው ግድፈቶች አልነበሩም ማለት አይቻልም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከአያትህ ሣጥን ወይም ከአያትሽ ከረጢት ውስጥ ያረጀ ገንዘብ ቢገኝ፣ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ፍትጊያው የማኅተሙን ስስ መስመር አጥፍቶ የሚመረመረውን ይወስዳልና። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ከየት እንደ ተገኘና የማን እንደ ነበረ ጽፋችሁ አኑሩት፤ ወደ አንጥረኛ ከመውሰዳችሁ በፊትም ለሙዚየም ሰው ወይም ነገሩን ለሚያውቅ ሊቅ አሳዩት።