የሶፍ ዑመር ዋሻና የአንድ ቀን እንግዶቹ

ከሮቤ ማልደው ተነሥተው በጎሮ በኩል ወደ ቆላው የሚወርዱ ባልና ሚስት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወይብ ዳር ሲደርሱ፣ ወንዙ የኖራ ድንጋዩን ተራራ ሠርስሮ ከመሬት በታች ሲገባ ይመለከታሉ። በበጋ ውሃው ሲጎድል፣ የአገሩ ሰው መብራት ይዞ ይመራቸዋል፤ እነርሱም እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ወንዙን ደጋግመው እየተሻገሩ ይከተሉታል። በክረምት ግን ጎርፉ መተላለፊያውን ስለሚሞላው የሚደፍረው የለም።

አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በጀመረው ጉዞ ዋሻውን ጎብኝቶ፣ በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። በ1972 ደግሞ የእንግሊዝ አሳሾች ለክተው ካርታ ሠሩለት፤ መተላለፊያዎቹ በጠቅላላው 15.1 ኪሎ ሜትር ሆኑ። ልኬቱ የሚመሰገን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ዋሻው በእነዚህ ሰዎች «ተገኘ» ማለት፣ ባለቤት ያለውን ቤት ወና ነው እንደ ማለት ይቈጠራል። ሼህ ሶፍ ዑመር በ12ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጠለሉበት በትውፊት ይነገራል፤ ምእመናንም በስማቸው ለጸሎት ሲሰበሰቡበት ኖረዋል። የውስጡን መንገድ ከካርታው አስቀድሞ ያወቁት እነርሱ ናቸው።

ባልና ሚስቱ በወዲያኛው አፍ ሲወጡ ቀኑ መሽቷል፤ ያዩትም ከ15ቱ ኪሎ ሜትር ጥቂቱን ብቻ ነው።