ጠመንጃ የሰጠ ምን ጠየቀ?

በነቀምቴ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ጠመንጃ መጠየቅ ይወዱ ነበር። ምንሽር ስንት ይጎርሳል፣ ወጨፎ ከየት አገር መጣ ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ ማን ሰጠው? ሲሰጠውስ ተቀባዩን ምን ብሎ ጠየቀው? የወለጋ የመቶ ዓመት ታሪክ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

በግንቦት 1874 እምባቦ ላይ፣ ዛሬ ሆሮ ጉዱሩ በምንለው አገር፣ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ ከአባይ በስተደቡብ ያለው አገርም ለሸዋ ክፍት ሆነ። የለቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ የጦር አለቃ ለራስ ጎበና በሰላም ገቡ፤ ደጃዝማች ተባሉ፤ ግብራቸውንም በወርቅና በዝሆን ጥርስ ከፈሉ። ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ተነሥተው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከተማችን ውስጥ ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ነቀምቴ በራሷ ባላባት ስትተዳደር፣ በሰላም ባልገባው አገር ነፍጠኛ ተተከለ። ጠመንጃ ለያዘ ሰው ገባር ተመደበለት፤ ያልያዘው ገባር ሆነ። የዚያን ጊዜ ጥያቄ «የማን ሰው ነህ?» የሚል ብቻ ነበር።

ሰኔ 20 ቀን 1928 ቦናያ ላይ የሆነውን የነቀምቴ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ጄኔራል ማሊዮኮ ያሉበት የጣሊያን ቡድን በአውሮፕላን መጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ አረፈ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከመካከላቸውም የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ በሌሊት ከበው አብዛኞቹን ገደሉ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። እነዚያ ልጆች ጠመንጃ የያዙት ሠልጥነውና በአለቃ ሥር ሆነው ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ዛሬም ኩራት ይሰማኛል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ጠመንጃው ከባለርስቱ ወደ ገበሬ ማኅበር ዞረ፤ አብዮት ጥበቃ ታጠቀ። ሰጪው ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን ያው «የማን ወገን ነህ?» ነበር።

ሌላውን ጥያቄ፣ «ይህ ሰው ራሱን ይገዛል ወይ?» የሚለውን፣ የሚጠይቅ የነበረው ቤተሰብና ሰፈር ነው። አባቴ ምንሽር ነበራቸው። ሠርግ ወይም ተዝካር ሲጠሩ ጥይቱን አውጥተው ለእናቴ ያስረክቡ ነበር። እናቴም ጠላው ከሰውነታቸው ሳይወጣ አትመልስላቸውም፤ እሳቸውም አይጠይቋትም። ሰክሮ የተኮሰ ሰው ጉዳዩ ለጃርሳ ቢያ፣ ለአገር ሽማግሌዎች፣ ይቀርባል፤ ነፍስ ከጠፋማ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ይከተለዋል። አናሲሞስ ነሲብ ነቀምቴ ላይ ካስተማሩበት ዘመን ወዲህ የተስፋፋው የወንጌላውያን ሃይማኖት አያሌ ቤተሰቦችን ከአረቄ አራቀ፤ ይህም ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ አምናለሁ።

ይህንኑ ጥያቄ በሕግ የሚጠይቅ አገርም አለ። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ የሚኖር የእህቴ ልጅ በቅርቡ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ያለውን ሕግ ብትሰማ ትገረማለህ» አለኝ። እሱ የሚኖርባት ክልል ሚኒሶታ ዕፀ ፋሪስን ለአዋቂዎች የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከነጋዴ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ግን ፎርም 4473 የሚባል የፌዴራል መጠይቅ ይሞላል። መጠይቁ የዕፅ ተጠቃሚ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ክልሉ ቢፈቅድም እንኳ በፌዴራል ሕግ ዕፀ ፋሪስ እንደተከለከለ ያስጠነቅቀዋል። ክልከላው የመጣው በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ዛሬ ተጠቃሚ ሆኖ መሣሪያ የያዘ እስከ 15 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ ዋሽቶ መሙላትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የመያዝ ፈቃዱን ክልሉ ቢሰጠው እንኳ የፌዴራሉ ክልከላ አይነሣለትም። ሁለት ሕግ በአንድ ሰው ላይ መጋጨቱ ክፉ ነው። ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቁን ግን እደግፋለሁ።

በእኛ አገር ዕፀ ፋሪስን ማምረትም ማዘዋወርም መጠቀምም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ወጥቶ መሣሪያን በፈቃድ የሚያዝ አድርጎታል። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ጠመንጃን ከሱስ ጋር የሚያገናኘው ግን ከዕፀ ፋሪስ ይልቅ አረቄ ነው። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ብዙ ንጹሐን በጥይት አልቀዋል። አብዛኛውን ያመጣው ፖለቲካ መሆኑን አውቃለሁ፤ መጠጥ ብቻውን አይጠየቅበትም። ቢሆንም በማንም ወገን የቆመ ሰካራም እጅ ላይ ያለ ክላሽ ለጎረቤቱ አደጋ ነው።

ፈቃድ የምትሰጡ ሁሉ እለምናችኋለሁ፤ በወረቀት ብቻ አትመኑ። ወደ አመልካቹ ሰፈር ሂዱና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ከሁሉ በፊት ግን ሚስቱን ጠይቁ።