የጥርስ ትል

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጥርስ ታሪክ ነው። ይህ ንግግር ታትሞ ሲደርሳችሁ፣ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ጮክ ብላችሁ ለቤተሰባችሁ አንብቡት። በተለይ ቤት ውስጥ አራስ ካለች እሷም ትስማው።

ጥርሱ የተቦረቦረ ሰው «ምን ሆንህ?» ሲባል «ትል በላኝ» ይላል። ይህ አነጋገር የኛ ብቻ አይደለም። ከ2,500 ዓመት በፊት የነበሩ የባቢሎን ሰዎች የጥርስ ሕመም የሚመጣው ከትል ነው ብለው በሸክላ ላይ ጽፈዋል። ሕንዱም፣ ቻይናውም፣ አውሮፓዊውም እንዲሁ ያምን ነበር። ትሉን ለማውጣት ያልተሞከረ ነገር የለም፤ ጭስ የታጠነ አለ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰም አለ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1728 ፒየር ፎሻር የሚባል ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ስለ ጥርስ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ትሉን ለማየት በማጉያ መነጽር ፈልጎ ነበር። አላገኘም፤ አለማግኘቱንም ጻፈ። እኔ በበኩሌ ይህን ሰው አደንቃለሁ። ሁሉ አለ የሚለውን ነገር «ፈለግሁ፣ የለም» ማለት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ጥርስን የሚበላው ምንድን ነው? ይህ በደንብ የታወቀው ከ160 ዓመት በኋላ ነው። ሚለር የተባለ አሜሪካዊ በርሊን ከተማ ተቀምጦ ሲመራመር ቆየና በ1890 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) መልሱን በመጽሐፍ አወጣ። ነገሩ እንደ እርሾ ነው። እናቶች እንደምታውቁት ሊጥ ላይ እርሾ ሲገባ ሊጡ ይኮመጥጣል። በአፋችንም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። ስኳርና የምግብ ትራፊ ሲያገኙ ያኮመጥጡታል። ያ ኮምጣጣ ነገር አሲድ ይባላል። አሲዱ በጥርስ ላይ ሲቆይ ጥርሱን ጥቂት በጥቂት ያሟሟውና ቀዳዳ ያወጣበታል። ትል የለም።

ይህን ያህል የቆየሁበት ምክንያት አለኝ። ትሉ ከመጻሕፍት ወጣ እንጂ ከቤታችን ገና አልወጣም። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ይባላል። ግግ አውጪ ይጠራል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የሕፃኑን ድድ በስለት ሰንጥቀው አንዲት ነጭ ለስላሳ ነገር ያወጡና «ይኸው ትሉ!» ብለው ያሳያሉ። እናትም ታምናለች፤ በዓይኗ አይታለቻ! ያየችው ግን ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ፣ ድድ ውስጥ የተኛ የሕፃኑ ጥርስ ነው። ጥርስ ሲጀምር ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ትል ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስሙ። ሕፃኑ ብዙ ደም ሊፈሰው ይችላል። ስለቱ ያልተቀቀለ ከሆነ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ መንጋጋ ቆልፍም ሊይዘው ይችላል። ተቅማጡ ደግሞ ከድድ ስላልመጣ አይቆምም። ሕፃኑ የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት፣ በንጹሕ ውኃ የተበጠበጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) እና ጤና ጣቢያ ነው። ከሞት ቢተርፍም ከሥር የነበረው የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ተጎድቶ፣ ካደገ በኋላ ክራንቻው ተጣሞ ይወጣል ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግግ ማውጣትንና እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዶች ቆጥሮ፣ በእነዚህ ሕፃን የጎዳ ሰው እንዲቀጣ ደንግጓል።

አሁን ወደ ስኳር እንሂድ። የድሮ ሰው በገጠር የሚያውቀው ጣፋጭ ማር ነበር፤ እሱም ቢሆን ዘወትር አይገኝም። በ1946 ዓ.ም. በአዋሽ ሸለቆ፣ አዳማ አጠገብ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የተከለው ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲህ ስኳር ቀስ በቀስ ወደየገበያው ገባ። ዛሬ አርብ ገበያ ላይ ሻይ ሲጠጣ ማን ስኳር ይቀንሳል? ከረሜላ ከልጆች ኪስ አይጠፋም።

የሚገርመው፣ ያው ወንጂ ስለ ጥርስ ሌላ ትምህርት አስተምሮናል። ለሠራተኛው የመጠጥ ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ ይወጣ ነበር። አባትየው ከደጋ ሲመጣ ጥርሱ ነጭ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገው ልጁ ግን ጥርሱ ቡናማ ሆነ። ልጁ ጥርሱን ስላልፋቀ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ይላል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ቡናማው አይለቀውም። ለብዙ ዓመት የጠጣ አዋቂም አጥንቱ ይጎዳል። በ1950ዎቹ ዓመታት ወንጂ ላይ ፍሎራይዱን የሚቀንስ ማጣሪያ ተተከለ። ፍሎራይድ በትንሹ ሲሆን ግን ጥርስን ያጠነክራል፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው።

«ሳሙናውና ብሩሹ ከየት ይምጣ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይህን ጥያቄ በክፍልም ልጆች ይጠይቁኛል። ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ የኢትዮጵያ ተማሪዎችን በመፋቂያና በብሩሽ አወዳድሮ ያገኘውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 አሳትሟል። ልጆቹ አፋቀቁን ከተማሩ በኋላ መፋቂያ የያዙት ብሩሽ ከያዙት አላነሱም። ወይራ፣ ክትክታ፣ ልምጭ በየደጃችን አለ። ጫፉን አኝካችሁ እንደ ብሩሽ አለስልሱት። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ፋቁ፤ የውስጡንና የኋላውን መንጋጋ አትርሱ። እኛ ፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ ፍቀን ወደ ገበያ መውጣት እንወዳለን። ደግሞም ጠዋት እንጂ ማታ አንፍቅም፤ ምራቅ የሚያንሰውና ጥርስ ይበልጥ የሚጎዳው ግን በእንቅልፍ ሰዓት ነው።

ስለ ሐኪሞቹም ጥቂት ልበል። ድሮ የታመመ ጥርስ በወጌሻ ጉጠት ይነቀል ነበር። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ መትቶ ብዙ ሺህ ሰው ገድሎ ስለነበር፣ ገጠር ወርዶ የሚሠራ የጤና ሠራተኛ በብርቱ ይፈለግ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ከጀርመኑ የላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጨመረበት። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የጥርስ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል።

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ኑሮ ከባድ ነው። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ ተማሪዎች ብርቱ ጭንቀት እንዳለባቸው ያሳያሉ። ገና ተማሪ ሳለ በገዛ እጁ በሰው አፍ ውስጥ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ስለሚል አንገቱንና ወገቡን ያመዋል። ለመመረቅ የተወሰነ ቁጥር ያለው ሥራ መፈጸም አለበት፤ ጥርሱ ሊሞላለት የተቀጠረው ሰው ከቀረ የተማሪውም ትምህርት ወደ ኋላ ይጎተታል። ሕመምተኛው ጥርሱ ካለቀ በኋላ ከመጣ ደግሞ ተማሪው መንቀልን እንጂ ማዳንን አይለማመድም። ስለዚህ ቀጠሮ አክብሮ የሄደ ገበሬ ሐኪም ያስተምራል ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ አንደኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ላሳስባችሁ። የወተት ጥርስ 20 ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከእነዚህ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይበቅላሉ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። የሚወልቅ ጥርስ ስላልቀደማቸው ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ናቸው ብሎ ቸል ይላቸዋል። እነዚህ ግን ቋሚ ናቸው፤ ከወለቁ ተተኪ የላቸውም። ዛሬ ማታ ልጁን በብርሃን አፉን አስከፍቱትና ከኋላ ፈልጓቸው። ጥቁር ነጥብ ካያችሁባቸው ሳያመው በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።