በሱስ ሕክምና የመድኃኒት መጠን እንዴት ይወሰናል?

ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ (ኦፒዮይድ) ሱስ ያስያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በዚያው ወገን መድኃኒት ነው፡፡ ይህን «ሱስን በሱስ መተካት» የሚሉት አሉ፤ ልዩነቱ ግን መጠኑ ተለክቶ በክትትል መሰጠቱ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያካተተው በ1997 ዓ.ም. ነው፡፡

ሜታዶን፡- በድርጅቱ መመሪያ መሠረት በአብዛኛው በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ባልበለጠ ይጀመርና ቀስ በቀስ ከ60 እስከ 120 ይደርሳል፡፡ ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ የዛሬው በትናንቱ ላይ ይጠራቀማል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አስጊ የሚሆኑትም ለዚህ ነው፡፡

ቡፕረኖርፊን፡- ከምላስ ሥር ይሟሟል፡፡ ኃይሉ ከአንድ ደረጃ በላይ ስለማይጨምር ትንፋሽ የማፈን አደጋው ያንሳል፡፡ ታካሚው ማዛጋት፣ ማላብና መቁነጥነጥ ሳይጀምረው ከተሰጠ ግን ሕመሙን በድንገት ይቀሰቅስበታል፡፡

ትራማዶል፡- እኛ ዘንድ በቅርብ የሚታወቀው የዚህ ወገን መድኃኒት ነው፡፡ ባለ 50 ሚሊ ግራሙ እንክብል ለአዋቂ በቀን ከስምንት ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ሰውን ሊያንቀጠቅጥና ሊጥል ይችላል፡፡ የለመደ ሰው በሐኪም ክትትል ደረጃ በደረጃ ይቀንሰዋል እንጂ በአንድ ጀምበር አይተወውም፡፡

ማቋረጥ፡- ለቀናት ያቋረጠ ወይም ከእስር የተፈታ ሰው ሰውነቱ መልመዱን ያጣል፤ የቀድሞው መጠን ሊገድለው ይችላል፡፡ በየቀኑ በባለሙያ ፊት የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ ለአዲስ አበባ ነዋሪና ለአርሲዋ አርቦዬ ነዋሪ እኩል ቅርብ አይደለም፡፡ ስለዚህ መጠንን በትክክል መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ሳይቋረጥ መድረሱም የመጠኑ አካል ነው፡፡ መጠን የሕክምና ውሳኔ ነውና ለቅጣት ተብሎ ሊቀነስም አይገባም፡፡