የኢንተርኔት ሱስ፦ ከቀልድ እስከ በሽታ መዝገብ

«ሱስ» በአማርኛችን የቆየ ቃል ነው፤ የሚነሣውም ከቡና፣ ከጫት፣ ከትምባሆና ከአረቄ ጋር ነው። ሱሱ የተነሣበት ሰው ያዛጋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል። ከዓመታት በፊት አንድ የጤና ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ «የኢንተርኔት ሱስ» ከሚለው ሐረግ ላይ ስደርስ ብዕሬ የቆመውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የማይቀመስና የማይጨስ ነገር እንዴት ሱስ ይሆናል? የስያሜውን አመጣጥ ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ግን ከማሽኑ ይልቅ ስለ ሰው ብቸኝነት የሚናገር ሆነ።

ታሪኩ የሚጀምረው በቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቫን ጎልድበርግ የተባሉ የኒው ዮርክ የአእምሮ ሐኪም፣ በሙያቸው የበሽታዎች መመሪያ ላይ ለማፌዝ አስበው፣ የመመሪያውን አጻጻፍ አስመስለው «የኢንተርኔት ሱስ» የሚባል የፈጠራ በሽታ ጻፉ። ካሰፈሯቸው ምልክቶች አንዱ ጣቶች ሳይታዘዙ የመተየብ እንቅስቃሴ ማድረጋቸው ነው። ሐኪሙ ሣቅ ሲጠብቁ የደረሳቸው የምር ኑዛዜ ሆነ፤ «እኔም በዚህ ተይዣለሁ» የሚሉ ሰዎች ተነሡ።

ነገሩን ከፌዝ ያወጡት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪምበርሊ ያንግ ናቸው። በ1996 ጥናታቸውን ቶሮንቶ በተደረገ የሙያ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። በዚያው ዓመት ካሳተሙት ውስጥ የአንዲት የ43 ዓመት የቤት እመቤት ታሪክ ይገኛል። ይህች ሴት የኮምፒዩተር ዝንባሌም ሆነ የቀድሞ ሱስ አልነበራትም። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በጽሑፍ መጨዋወት ከጀመረች በኋላ ግን በሳምንት እስከ 60 ሰዓት በማሽኑ ፊት ትውል ጀመር። ኮምፒዩተሩ በተገዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከባሏ ተለያየች፤ ከልጆቿም ተራራቀች። የሳባት ማሽኑ አልነበረም፤ ከማሽኑ ወዲያ ሆኖ የሚመልስላት ሰው ነበር።

ለመሆኑ ብቸኝነት ነው ሰውን ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው፣ ወይስ ኢንተርኔት ነው ብቸኛ የሚያደርገው? ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቻቸው በፒትስበርግ ከተማ ለ73 ቤተሰቦች ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስመር ሰጥተው 169 ሰዎችን ተከታተሉ። በ1998 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። አብዝተው የተጠቀሙት ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር የሚያደርጉት ጨዋታ ቀንሶ፣ ብቸኝነታቸውና ድብርታቸው በጥቂቱ ጨምሮ ተገኘ።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ተከታይ ጥናት፣ ያ ጉዳት በጊዜ ብዛት መደብዘዙን ገለጹ። በሌላ አዲስ ቡድን ላይ ያዩት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ተግባቢ የሆነና ወዳጅ ዘመድ ያለው ሰው በኢንተርኔት ሲጠቀም፣ ዓይናፋሩና ደጋፊ የሌለው ግን ይበልጥ ይጎዳ ነበር። ገንዘብ ገንዘብን እንደሚስብ ሁሉ፣ ወዳጅም ወዳጅን ይስባል ማለት ነው።

ሐኪሞችም ወደ ፍርዱ የሄዱት በዝግታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2019 ያጸደቁት፣ ከ2022 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ ከቁጥጥር የወጣ የቪዲዮ ጌም ጨዋታን እንደ ሕመም መዝግቧል። ኢንተርኔትን በጠቅላላው ግን በሽታ አላለውም።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ አካባቢም ትርጉም አለው። በቤይሩት ወይም በሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳን ከፍታ በኢሞ ከእናቷ ጋር ስታወራ፣ የምታጠፋው ሰዓት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ግን የቤቷ በር ነው። በዚያው ሌሊት አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሥራ ፈት ወጣት መሰላቸቱን ለመርሳት የማያውቃቸውን ሰዎች ምስል እያገላበጠ ይነጋበታል። ሰዓት ብቻ ብንቆጥር ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን።

በመጨረሻ ያንን ሐረግ «የኢንተርኔት ሱስ» ብዬ ተረጎምኩት፤ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ነገር ግን ሱሰኛ ተብሎ የተጠቆመ ልጅ ባየሁ ቁጥር፣ ስንት ሰዓት ተቀመጠ ከማለቴ በፊት፣ ከማሽኑ ሲነሣ ማን ያነጋግረዋል ብዬ መጠየቅን ለምጃለሁ። ቡናን ሱስ ብቻ ሳይሆን ወግ ያደረገው ስኒው አይደለም፤ ና ቡና ጠጣ ብሎ የሚጠራ ጎረቤት ነው።